ልጅን ይዞ የተራራ ሐይቅ ላይ ዓሣ ማጥመድ፦ ከአውሮራ ተነስቶ የአንድ ቀን ጉዞ

አሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨርና አውሮራ ያለን ሐበሾች ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክን እናውቀዋለን። እንግዳ ከአገር ቤት ሲመጣ ይዘነው እንሄዳለን። ፎቶ እንነሳለን፣ ኤስተስ ፓርክ ከተማ ምሳ እንበላለን፣ ማታ ቤታችን እንገባለን። ከመኪና መንገዱ ራቅ ብሎ፣ በእግር ተወጥቶ ዓሣ የሚጠመድባቸው ሐይቆች እንዳሉ ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም። እኔም ልጄ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት ድረስ አላውቅም ነበር። አሁን ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እንሄዳለን።

የምንሄድበት ሐይቅ ዘ ሎክ ይባላል። ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ከእግር መንገዱ መነሻ እስከ ሐይቁ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱ ሲደመር 300 ሜትር ይሆናል። ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መራመድ ለለመደ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚቻል ነው። ልጁ ከዚያ ካነሰ ስፕራግ ሌክ ሂዱ። እዚያው ሰፈር ነው፣ መኪና እስከ አጠገቡ ይገባል፣ ዙሪያው ሜዳ ነው፣ ዓሣም አለው። መጀመሪያ እዚያ ሄዶ ዘንግ መያዝ ያለማመዱት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ዘ ሎክን በደስታ ይወጣል።

ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ንጋት 11 ሰዓት ስል ስልካችሁ 5 ይላል።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ሰኔ መግቢያ ላይ እዚያ ላይ ገና በረዶ ነው። ጥሩው ጊዜ ከሐምሌ እስከ መስከረም መግቢያ ነው። ብዙዎቻችን ቅዳሜና እሁድ እንሠራለን፤ ለዚህ ጉዞ ይህ በረከት ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ዕረፍት ካላችሁ በዚያ ቀን ሂዱ። ሰው ይቀንሳል።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ፍልሰታ ይገባል። ልጆችም የሚጾሙት ጾም ነው። በጾም ዓሣ መብላት ላይ በየቤቱ ያለው ልማድ የተለያየ ስለሆነ አስቀድማችሁ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ። እኛ በፍልሰታ ከሄድን የያዝነውን ሁሉ እንለቃለን። ልጄ ይህን ከቤት ሳንወጣ ስለምታውቅ ሐይቁ ዳር አትከፋም።

ፓርኩ ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ሰዓት የተቆረጠለት የመግቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። ወደ ዘ ሎክ የሚወስደው ቤር ሌክ ሮድ ደግሞ የራሱ ዓይነት ፈቃድ አለው፤ ስትይዙ እሱን መምረጣችሁን አረጋግጡ። የሚያዘው ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ላይ ነው። እስካሁን በነበረው አሠራር የአንድ የፈረንጅ ወር ፈቃድ ከእሱ በፊት ያለው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። የቀረው ከጉዞው ዋዜማ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይወጣል። እኔ ሁለት ጊዜ በዋዜማው አግኝቻለሁ። አሠራሩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚቀያየር የፓርኩን ገጽ አንድ ጊዜ እዩት።

ይህ ከመግቢያ ክፍያው የተለየ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ወላጅ አያውቀውም። ልጃችሁ አራተኛ ክፍል ከሆነ ብሔራዊ ፓርኮችን በነጻ የሚያስገባ የዓመት ፓስ ያገኛል። «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» ይባላል። ልጁ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ይሞላዋል። ወረቀቱን አትማችሁ ያዙ። እሱ ካለ አብራችሁት በመኪናው ያላችሁት ሁሉ ትገባላችሁ። የሚያገለግለው አራተኛ ክፍል ከሚጀመርበት መስከረም አንስቶ ክፍሉ ካለቀ በኋላ ያለው ዕረፍት እስኪያልቅ ድረስ ነው።

የማጥመድ ፈቃድ

ኮሎራዶ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይሰንስ አያስፈልገውም። እናንተ ግን ዘንግ የምትይዙ ከሆነ ያስፈልጋችኋል። በስልክ ይገዛል፣ የስፖርት ዕቃ መደብርም ይሸጣል። የዓመቱ ላይሰንስ የሚጀምረው ከማርች 1 ነው። ዘንጉ አንድ ብቻ፣ የልጁ ብቻ ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ሁለት ዘንግ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዓይናችሁ የራሳችሁ ክር ላይ ይሆናል።

የፓርኩን ሕግ በደንብ ያዙ። ፓርኩ ውስጥ አዋቂ በትል ማጥመድ አይችልም፤ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ዕድሜው 12 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ግን ይዞ መልቀቅ ብቻ ከሚፈቀድባቸው ሐይቆች ውጭ በትል ማጥመድ ይችላል። ቤር ሌክ ላይ ማጥመድ ጭራሽ ክልክል ነው። ድሪም ሌክ ላይ የተያዘ ሁሉ ይለቀቃል። ስንት ዓሣ፣ የትኛው ዓይነት እንደሚወሰድ የሚናገረው ዝርዝር ፓርኩ ገጽ ላይ አለ። ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት፤ ላይ ስትደርሱ ኔትወርክ የለም።

ዕቃው፣ ቋጠሮውና ልምምዱ

ለልጅ የሚሆነው ዘንግ ቀላልና አጭር ነው፣ አንድ ሜትር ከሰባ አካባቢ። ሁለት ቦታ የሚፈታ ቢሆን ቦርሳ ላይ ይታሰራል። ክሩ ቀጭን ይሁን፤ ጥቅሉ ላይ 4 ፓውንድ የሚል ናይለን ይበቃል። የተራራ ሐይቅ ውሃ እንደ መስታወት ነው። ወፍራም ክር ዓሣው ያየዋል።

ማጥመጃው ትንሽ ስፒነር ይሁን። ስፒነር ማለት ውሃ ውስጥ ሲጎተት የምትሽከረከር የብረት ቅጠል ያለችው ናት። ሦስት አራት ያዙ፤ አንዱ ድንጋይ ሥር መቅረቱ አይቀርም። ከመንጠቆው ጫፍ በታች ወደ ኋላ የወጣች ትንሽ ጥርስ አለች። እሷን በፒንሳ ጨፍልቁ። ዓሣውን ሳይጎዱ ለመልቀቅ ያመቻል። መንጠቆው የልጁ ጣት ላይ ከገባም ቶሎ ይወጣል። እኔ ሳልጨፈልቅ ከቤት አልወጣም።

ቋጠሮውን ልጁ ራሱ ይማር። የክሩን ጫፍ በማጥመጃው ቀዳዳ አሳልፉ። ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዙ። ከቀዳዳው አጠገብ ትንሽ ክፍተት ትቀራለች፤ ጫፉን በእሷ አስገቡ። ያኔ ሌላ ትልቅ ክፍተት ይፈጠራል፤ በእሱም መልሳችሁ አሳልፉ። አሁን በምራቅ አርጥቡትና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ምራቁ የግድ ነው፤ ደረቅ ናይለን ሲሳብ ይሞቅና ይደክማል። ልጄ ይህን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ በጫማ ማሰሪያ ነው የተማረችው። በጫማ ማሰሪያ ሃያ ጊዜ ያሰረ ልጅ ሐይቁ ዳር ጣቱ በርዶም ያስረዋል።

መወርወሩን ሰፈራችሁ ያለ ፓርክ ሣር ላይ ተለማመዱ። በመንጠቆው ፋንታ የብረት ብሎን እሰሩ። መሬት ላይ ኮፍያ አስቀምጡና እዚያ ላይ እንዲያሳርፍ ንገሩት። ከመወርወሩ በፊት ሁልጊዜ ወደ ኋላው ዞሮ ይይ። ይህን ልማድ እዚያው ሣሩ ላይ አስይዙት። ላይ ስትወጡ ከኋላው እናንተ ናችሁ የምትቆሙት። መነጽር ለሁለታችሁም ያዙ፣ የፀሐይም ቢሆን። ዓይንን ከመንጠቆ ይጠብቃል። ነጸብራቅ የሚቀንሰው (ፖላራይዝድ) ከሆነ ደግሞ ውሃው ሲያብረቀርቅ ከሥር ያለውን ለማየትም ይረዳል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ልጄ ቤት ውስጥ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። «መንጠቆ»፣ «ክር»፣ «ዘንግ»፣ «ዳገት»፣ «ጭጋግ» የሚሉትን ቃላት ግን ከዚህ ጉዞ ነው ያገኘችው። እጇ ላይ ያለውን ዕቃ በስሙ ስለጠራሁላት ሳላስተምራት ያዘችው።

ምግብና ልብስ

ለተራራ የኛ ስንቅ የሚያህል የለም። ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶ። አይበላሹም፣ አይከብዱም፣ ቶሎ ጉልበት ይሰጣሉ። በሶውን በማር አሽታችሁ በትንንሹ ጠቅልሉት። ሻይ በቴርሞስ ያዙ፤ ቅርንፉድና ቀረፋ ያለው ሻይ እዚያ ብርድ ላይ ሲቀዳ ልጅም አይጠግበውም። ውሃ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሊትር። ከሐይቁ ሳታጣሩ አትጠጡ።

አንድ ጠርሙስ ውሃ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። እሱ ለዓሣው ነው።

ልብሱ ተደራራቢ ይሁን፤ ጥጥ ሲረጥብ ስለማይደርቅ አይሁን። ቀኑ ምንም ያህል ብሩህ ቢመስል የዝናብ ጃኬት ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛ ካልሲ ለልጁ። ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ክሬም አትርሱ። እዚያ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ጥቁር ቆዳንም ያቃጥላል።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር። እኛ አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ከፍታ ምንም አይመስለንም። ዘ ሎክ የእንጦጦን ጫፍ ያህላል። ግን ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ለተወለደ ልጅ ድንገት 1,500 ሜትር መጨመር ቀላል አይደለም። ልጁ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ወይም ዝም ካለ ቁጭ በሉ፣ ውሃ ስጡት። ካልተሻለው ተመለሱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

የቀኑ ሰዓት

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምነግራችሁ ይህን ነው። በአሜሪካ በጋ (በኛ ክረምት) እነዚህ ተራሮች ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። ጠዋት አንድ ደመና የለም፤ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል።

የመጀመሪያ ጊዜ የሄድን ቀን ከቤት የወጣነው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሐይቁ ዳር የደረስነው 7 ሰዓት አልፎ ነው። ልጄ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደወረወረች ነጎደ። ዕቃ ሰብስበን በዝናብ ወረድን። ወገቧ ድረስ ረጥባ መኪና ውስጥ ስታለቅስ ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥፋቱ የሰዓቱ ነበር፣ ሰዓቱን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በዚህ ነው የምንሄደው፦

ማታ ሁሉም ነገር መኪና ውስጥ ይገባል። ልጁ የሚለብሰውን ለብሶ ይተኛል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንነሳለን። እሷ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከኋላ ትተኛለች። 12 ሰዓት አካባቢ ፓርኩ ውስጥ ነን። የእግር መንገዱ የሚነሳበት የግሌሸር ጎርጅ ፓርኪንግ ትንሽ ነው፣ በማለዳ ይሞላል። ከሞላ አትጨነቁ፤ ፓርክ ኤንድ ራይድ የሚባለው ትልቁ ማቆሚያ ላይ አቁማችሁ በሻትል ባስ መሄድ ነው። 1 ሰዓት ላይ መራመድ እንጀምራለን። 4 ሰዓት ሳይሞላ ሐይቁ ዳር እንደርሳለን። 5 ሰዓት ተኩል ሲል፣ ዓሣ ተያዘም አልተያዘም፣ ክሩ ይጠቀለላል።

ይህችን የመመለሻ ሰዓት ልጁ ጠዋቱን ይወቃት። እኔ ለልጄ የእጅ ሰዓቴን አውልቄ እሰጣታለሁ። ሰዓት ጠባቂዋ እሷ ናት። «አባዬ፣ ደረሰ» ስትል ትንሽ እንቆይ አልልም።

መንገዱ

ምልክቶቹ በማይል ነው የተጻፉት። 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ አልበርታ ፏፏቴን ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ዕረፍት እዚያ ነው፤ ጭኮው ይውጣ። ከዚያ መንገዱ በድንጋይ መሐል ይወጣል። አንድ መገናኛ ላይ ሚልስ ሌክ ወደ ግራ ይለያል። እናንተ ዘ ሎክ የሚለውን ተከተሉ። የቀረው ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ጠመዝማዛው ዳገት እሱ ነው። ልጁ የሚደክመው እዚህ ነው። እኛ በየመታጠፊያው እንቆማለን። አንድ ማጠፊያ፣ አንድ ቆሎ።

ልጁ ከፊት ይሂድ። እናንተ ከኋላ ከሆናችሁ እርምጃው የእሱ ይሆናል። አንገቱ ላይ ፊሽካ እሰሩለት። ድንገት ከጠፋ እንዳይንከራተት፣ አንድ ዛፍ አቅፎ ቆሞ ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲነፋ ንገሩት። የት እንደሄዳችሁና መቼ እንደምትመለሱ ቤት ያለ ሰው ይወቅ። ሽኮኮ መሳዮቹ ትናንሽ እንስሳት ወደ ቦርሳችሁ ይመጣሉ፤ ምንም አትስጧቸው፣ ክልክልም ነው። ኤልክ ወይም ሙስ የሚባሉትን ትልልቅ የአጋዘን ዓይነቶች ካያችሁ ርቃችሁ ጠብቁ።

ሐይቁ ዳር

ስትደርሱ ሮጣችሁ ውሃው ጋ አትቅረቡ። ልጁን ከዳር አስር እርምጃ ያህል ላይ አስቁሙትና አብራችሁ ውሃውን እዩ። ትራውት፣ እዚህ የምናጠምደው ዓሣ፣ ጠዋት ዳር ዳሩን ይዞራል። ዝም ብላችሁ ሁለት ደቂቃ ካያችሁ ጥላው ድንጋዩ ላይ ሲሄድ ይታያል። ልጄ ከዓሣው ቀድማ ጥላውን ነው የምታየው። የከበደ እርምጃና ውሃው ላይ የወደቀ የሰው ጥላ ያባርረዋል።

ጥሩው ቦታ ጅረት የሚገባበት፣ ውሃው የሚወጣበትና የወደቁ ግንዶች ያሉበት ነው። ንፋስ ካለ ንፋሱ የሚነፍስበት ዳርቻ ጥሩ ነው፤ ነፍሳቱን ወደዚያ ይገፋል። ልጆች ሁሉ ወደ መሐል መወርወር ይወዳሉ። ዳሩን ተከትሎ ይወርውር። ስፒነሩ ሲያርፍ ሦስት ይቁጠርና ቀስ አድርጎ ይጠቅልል። ቅጠሏ እየተሽከረከረች መሆኑን እጁ ላይ ይሰማዋል። ካልተሰማው ትንሽ ያፍጥን።

ዓሣው ሲይዝ በኃይል አይሳብ። የዘንጉ ጫፍ ወደ ላይ ይሁን፣ ዓሣው ሲሮጥ ይሩጥ፣ ሲያርፍ ይጠቅልል። እዚህ ላይ እጃችሁ ዘንጉን ሊቀበል ይቸኩላል። አትቀበሉት። ዓሣው ቢያመልጥም የልጁ ዓሣ ነው ያመለጠው። የመጀመሪያውን ስትይዝ «አባዬ፣ እየጎተተኝ ነው!» ብላ ጮኸች። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር የቆምኩት።

ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ውሃ ውስጥ ንከሩ። ደረቅ እጅ የዓሣውን ቆዳ የሚጠብቀውን ሙልጭልጭ ሽፋን ይልጠዋል። ከዚያ ዓይነቱን ለዩ። ጀርባው ላይ ትል የሄደበት የሚመስል መስመር፣ ጎኑ ላይ በሰማያዊ የተከበቡ ቀይ ነጠብጣቦች፣ የሆዱ ክንፎች ጠርዝ ላይ ነጭ ካለው ብሩክ ትራውት ነው። ከምሥራቅ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ለነባሩ ዓሣ ተቀናቃኝ ነው። አገጩ ሥር ብርቱካናማ ቀይ ጭረት ካለው ከትስሮት ነው። የከትስሮት ዘር የሆነው ግሪንባክ የኮሎራዶ የግዛት ዓሣ ነው። በ1937 ጠፋ ተብሎ ነበር፣ በኋላ ነው የተገኘው። ከትስሮት ከሆነ ልቀቁት። የልጄ የመጀመሪያ ዓሣ ከእጄ መዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ብሩክ ትራውት ነበር። ነጠብጣቦቹን በጣቷ ሳትነካ በአየር ላይ ቆጠረቻቸው። አሥራ አንድ።

ሲለቀቅ አፉን ጅረቱ ወደሚመጣበት አዙራችሁ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ያዙት። ራሱ ሲገፋ ይሂድ። የምትወስዱት ከሆነ ደግሞ አታሰቃዩት። በድንጋይ ወይም በእንጨት ከዓይኑ በላይ አናቱን አንዴ በደንብ ምቱት። ልጁ ያየዋል፣ ይጠይቃልም። እውነቱን ንገሩት፦ ልንበላው ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ነው የምናደርገው። ልጄ የመጀመሪያ ቀን ፊቷን አዙራ ቆመች። በሚቀጥለው ግን እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ አየች።

ዓሣውን እዚያ አትቅደዱ፣ የሆድ ዕቃውንም የትም አትጣሉ። ዚፕ ባለው ላስቲክ ከበረዶው ጠርሙስ ጋር ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ውረዱ። የተቆረጠ ክር ኪስ ውስጥ ይግባ፣ የሌላ ሰው ክርም ካገኛችሁ አንሱት። ወፍ እግሩን ይጠላለፍበታል።

ቤት ስትገቡ

ትራውት ቅርፊቱ ደቃቅ ስለሆነ መፋቅ አያስፈልገውም። ሆዱን ቀዳችሁ አጽዱ፣ አጥንቱ ሥር ያለውን ጥቁር ደም በጥፍራችሁ ጥረጉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል እንደሚያደርጉት ጎን ጎኑን ሸንተር ሸንተር አድርጉ። ጨውና ሎሚ፣ ትንሽ ዱቄት፣ ከዚያ በጋለ ዘይት። አዋዜ ከጎን። ትንሽ ዓሣ ስለሆነ በየጎኑ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ስፒነሮቹን በዚያው ምሽት በጨርቅ አድርቁ፣ ካልደረቁ ይዝጋሉ። ዘንጉንም ፈታታችሁ አየር ላይ አድርጉት። የልጄ ዘንግ ከበሩ ጀርባ፣ ከትምህርት ቤት ጫማዋ አጠገብ ነው የሚቆመው። ራሷ ናት የምታደርቀው።